የማተቤ ክምር

ውባንች ከባሏ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንዳይዋሽ። አምባው ደግሞ ሳይዋሽ ማውራት አልፈጠረበትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚሁ ሲነታረኩ ኖረዋል። ልጃቸው ማተቤ ከሞተ ወዲህ ግን ንትርኩ ከቤት ወጥቶ መንገድ ዳር ተቀመጠ፤ የጎንደሩ ሹፌርም፣ የጎጃሙ ሰሊጥ አጫጅም፣ የሱዳኑ ነጋዴም ይሰማው ጀመር።

ማተቤ የሞተው ደርግ በገባ በስምንተኛው ዓመት፣ ሰሊጥ በሚጫንበት በኅዳር ወር ነው። የሃያ ሰባት ዓመት ሰው ነበር። መተማ ዮሐንስ ገበያ ውሎ በእግሩ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ከኮኪት ወዲህ ባለው ቁልቁለት ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ባዶውን የሚከንፍ ሎሪ ገጨው። ሹፌሩ ዘሩ የሚባል ሰው ነው አሉ። ረዳቱ ወባ ይዞት ጎንደር ስለቀረ ብቻውን ነበር የሚነዳው። ሎሪውን መተማ ዳር አቁሞ በእግሩ ወደ ሱዳኗ ገላባት ተሻገረ፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ፖሊስ መጥቶ ለካ፣ ጻፈ፣ የጻፈውንም ለወላጆቹ አነበበላቸው። «ሟች መንገድ ላይ ሳለ በመኪና ተገጭቶ ሕይወቱ አልፏል» ይላል።

«መንገድ ላይ ሳለ ምን ሲያደርግ?» አለች ውባንች።

«እሱን እንኳ ያየ ሰው የለም እናቴ» አለ ፖሊሱ።

የውባንች ነገር እዚህ ላይ ተቸነከረ። ቀብሩ አለፈ፣ ሰልስቱ አለፈ፣ አርባው ወጣ፤ እሷ ግን እዚያው ናት። ቆሞ ነበር ወይስ ተቀምጦ? ፈርቶ ነበር? እናቴን ብሎ ነበር? ገዳዩን እያሰበች ጥርሷን ማፋጨቷ አይካድም፤ የትኛዋ እናት አታፋጭም? እንቅልፍ የነሳቻት ግን ያች የመጨረሻዋ ደቂቃ ናት። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ልጇ ያደረገውን ሁሉ፣ የሰረቀውን በቆሎ እንኳ ሳይቀር ታውቃለች፤ ያችን አንዲት ደቂቃ ነው የማታውቀው።

አምባው በበኩሉ ባለማወቅ ተቸግሮ አያውቅም። የማያውቀውን ራሱ ይፈጥረዋል።

ክምሩን የጀመረው እሱ ነው። እነሱ የተነሱበት የጭልጋ ደጋ ላይ፣ ሰው በድንገት መንገድ ላይ ሲሞት የወደቀበት ቦታ ድንጋይ ይከመርለታል፤ አላፊ አግዳሚውም «ነፍስ ይማር» ብሎ አንድ አንድ ይጨምርበታል። ችግሩ፣ መተማ ቆላ እንጂ ደጋ አይደለም። አፈሩ ዋልካ ነው፤ ክረምት ጭቃ፣ በጋ ስንጥቅ። ውሻ የምታባርርበት ጠጠር እንኳ አታገኝበትም። አምባው ሦስት ቀን ሙሉ ድንጋይ ሲፈልግ ከርሞ በአራተኛው ቀን ማድ ቤት ገባና ሦስቱን ጉልቻ ነቅሎ ወጣ።

«ድስቴን ምን ላይ ልጣደው?» አለች ውባንች።

«ልጅሽ ይበልጥብሻል ወይስ ሽሮሽ?»

«ልጄ ሽሮ ይወድ ነበር» አለችው። አላስመለሰችውም ግን። ያን ሳምንት ጎረቤት እየዞሩ ሲበሉ ሰነበቱ።

ሦስት ጉልቻ ክምር አይባልም። ስለዚህ አምባው በትሩን ይዞ መሀል መንገድ ላይ መቆም ጀመረ። «ሹፌር ሁሉ እስኪጣራ ድረስ ገዳይ ነው» ነበር የሚለው። ሎሪው ሲቆምለት፣ «ውረድ፤ ነፍስ ይማር በል፤ ድንጋይ ጣል» ይላል።

«ድንጋይ ከየት ላምጣ አባባ? በዚህ በዋልካ አገር።»

«ከምትመጣበት። ሰሊጥ ልትጭን ባዶህን ስትመጣ አንድ ድንጋይ ከበደህ?»

የአገሩ ሹፌር ደግሞ፣ ምን ይደረግ፣ አፉ ይከፋ እንጂ ሆዱ ሩኅሩኅ ነው። አንዱ ከአይከል አመጣ፣ አንዱ ከአዘዞ፤ አንዱ የአማቱን የወፍጮ መጅ ሰርቆ ይዞ መጣ። አማቲቱ በሳምንቱ ሌላ ሎሪ ላይ ተሳፍረው መጃቸውን ሊያስመልሱ መጡ። የማተቤን ታሪክ ሰሙ፣ አለቀሱ፣ መጁን አንስተው ሳሙና መልሰው እዚያው አስቀመጡት። አማቹን ግን እስከ ዛሬ አላናገሩትም ይባላል።

ኬላው ላይ የሚፈትሸው ሰው በነገሩ ግራ ገባው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ድንጋይ።»

«ለምን ይሆናል?»

«ለማተቤ።»

«ማተቤ ማን ነው?»

«ሞቷል።»

ፈታሹ ድንጋዩን ገለባበጠው፣ አሸተተው፣ በመዶሻ ፈለጠው። ውስጡም ድንጋይ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሹፌሮቹ ሁለት ሁለት ይጭኑ ጀመር፤ አንዱን ለማተቤ፣ አንዱን ለፈታሹ።

በዓመቱ ክምሩ የሰው ደረት ደረሰ። ሐዋ የምትባል ሻሂ ሻጭ የቆመው ሰው ብዛት ዓይኗን ማረካትና ክምሩ አጠገብ ራኩባ ቀለሰች፤ ራኩባ ማለት ያው የሣር ዳስ ነው። ውባንችም በየቀኑ ከራኩባው ሥር ትቀመጣለች። አምባው የምትቀመጠው እሱን ልታርመው ይመስለዋል። ለማረምም ነበር፤ ግን ለሱ ያልነገረችውን ለሐዋ ነግራታለች።

«ሹፌር መንገድ አይተውም» አለቻት አንድ ቀን። «ሚስቱን ይተዋል፣ መንገድ አይተውም። ልጄን የገጨውም አንድ ቀን በዚህ ያልፋል። ሲያልፍ እጠይቀዋለሁ።»

«ያ ሰው መጥቶ እዚህ ይቆማል?» አለች ሐዋ። «እብድ ካልሆነ።»

«እብድ ባይሆን እንደዚያ ይነዳ ነበር?»

ሐዋ ሻሂ ቀዳችላት።

አምባው ይተርካል። ለያንዳንዱ ሎሪ አንድ ታሪክ አለው፤ መጨረሻው ደግሞ እንደ ሰሚው ነው። ሹፌሩ ወጠምሻ ከሆነ ማተቤ ሎሪውን በደረቱ ሊያቆም ገትሮ ይሞታል። ቄስ ከተሳፈረ ማተቤ ተንበርክኮ እየጸለየ ሳለ ይገጫል። ሚሊሻ ከሆነ ፀረ አብዮተኛ አሳድዶ ሲመለስ፣ አዳኝ ከሆነ ነብር ሲከተል። ሴቶች ካሉበት መሀል መንገድ የወደቀች ሕፃን አንስቶ ወደ ዳር ሲወረውር ነው። ያችን ሕፃን አምባው በጣም ወደዳት። በየጊዜው ልብስ ያለብሳታል፤ በመጨረሻ ስምም አወጣላት፣ አየሁሽ።

አምባው ሲጨርስ ውባንች ከተቀመጠችበት ትነሳለች።

«ውሸት ነው» ትላለች። «ልጄ ነብር አልተከተለም፤ ፍየል መከተልም አይችልም ነበር። አንድ ጊዜ ፍየል ሽጠህ ና ብለን ገንዳ ውሃ ገበያ ላክነው። በማግሥቱ ፍየሉን እየጎተተ መጣ፤ ከኋላው ደግሞ የማናውቀው ሰው። ማነው ብንለው ‹ገዢው ነው› አለን። ‹ታዲያ ፍየሉ?› ብንለው፣ ‹ሰውየው የሚያድርበት ቤት የለውም፤ አብረን እንብላው ብዬ ይዤው መጣሁ› አለ። ሰውየው ሦስት ቀን ሰነበተ። ፍየሉ አለቀ። ልጄ እንዲህ ያለ ሰው ነው።»

ሹፌሮቹ ይስቃሉ። ውባንች ሲስቁ አይከፋትም፤ ማተቤም ያን ቀን እየሳቀ ነበር የገባው። የሚያናድዳት ከታሪኩ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ ነው። «መጨረሻውስ እንዴት ነው እትዬ?» ይሏታል። እሷ አታውቅም። ያን ጊዜ አምባው ጉሮሮውን ጠርጎ አየሁሽን ያመጣታል።

ነገሩን የባሰ ያወሳሰቡት ከጎጃም ለአጨዳ የወረዱት ሠራተኞች ናቸው። ሎሪ ሁሉ ሲቆም፣ ሹፌር ሁሉ ኮፍያውን አውልቆ «ነፍስ ይማር» ሲል አዩ። ይህ መቼም ተራ ቦታ አይደለም ብለው ጫማቸውን እያወለቁ ድንጋዩን መሳለም ጀመሩ። አንዱማ ወባ ይዞት ሲንዘፈዘፍ መጥቶ ክምሩ ላይ ግንባሩን ደፍቶ፣ «አቡነ ማተቤ፣ ከዚህ ካወጡኝ ሻማ አገባለሁ» ሲል ውባንች በጆሮዋ ሰማች።

«አንተ ልጅ፣ ተነስ» አለችው። «ማተቤ አቡን አይደለም። የፍልሰታን ጾም በወተት የፈታ ሰው ነው።»

ሠራተኛው በሳምንቱ ደኅና ሆኖ ሻማውን ይዞ መጣ። «እትዬ፣ ጾሙን እሳቸው ያውቁታል» አለ። «ወባው ግና ለቆኛል።»

አምባው ሻማውን ተቀብሎ አበራው።

ወሬው ጓድ እንዳለው ዘንድ ደረሰ። ጓድ እንዳለው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈሪ ነው። ፈሪ ሲሾም የሚያደርገውን ታውቃላችሁ፤ ማንም ሳይቆጣው በፊት ይቆጣል። በዚያ ላይ አንድ ቀን አምስት ሎሪዎች ታሪክ ለመስማት ተደርድረው ሲቆሙ፣ ከኋላቸው የጦር መኪና ግማሽ ሰዓት ተገትሮ ነበር። ጓድ እንዳለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ ይዞ መጣና ራኩባው ሥር ቆሞ አነበበ። ክምሩ አጉል እምነት ያስፋፋል፤ የጦር ተሽከርካሪ ያግዳል፤ ስለዚህ ሰኞ ጠዋት በግሬደር ይነሳል ይላል። ሲጨርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት» አለ።

«እኛ ሞቱ ደርሶናል» አለ አምባው።

ጓድ እንዳለው ወዲያና ወዲህ አየ፤ ማንም አልሰማም። «አያ አምባው፣ በእናትዎ እንደዚህ አይበሉ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔም እኮ ድንጋይ ጥያለሁ። ሁለት። ከደብዳቤው በፊት ነው እንጂ።»

እሱ ከሄደ በኋላ ውባንች ክምሩን ስታይ ቆየች። ሰኞ ይህ ከተነሳ ማን ይቆማል? ማንም። ሎሪው ሁሉ አቧራውን እያቦነነ ያልፋል፤ ያም ሰው ከመጣ ከነሱ ጋር ያልፋል፤ እሷም ሳትጠይቀው ትሞታለች። ንዴቷንም የምታወጣበት አጥታ ባሏ ላይ አወጣችው።

«አንተ ነህ ያስነሳኸው። ነብር፣ ሕፃን፣ አቡን እያልህ። እውነቱን ብቻ ብታወራ ማን ሻማ ያበራ ነበር?»

አምባው በትሩን መሬት ላይ አሽከረከረ።

«እውነቱ አጭር ነው ውባንች» አለ በመጨረሻ። «ሄደ፣ ተገጨ፣ ሞተ። ይህን ስናገር አፌ ላይ ያልቅብኛል። ስጨምርበት ግን ትንሽ ይቆይልኛል።»

ሠላሳ ዓመት አብራው ስትኖር ለመጀመሪያ ጊዜ ውሸታምነቱ አሳዘናት። አጠገቡ ተቀመጠች።

እሑድ አምባው አዲስ ነጠላ ለብሶ መጣ። የመጨረሻው ቀን ነውና ያለ የሌለውን ሊያወራ ቆርጧል። ረፋዱ ላይ አንድ ሎሪ ቆመ፤ ሹፌሩ ጎፈሬ፣ ጭነቱ ላይ ሴቶች የተሳፈሩበት። አምባው ሴቶቹን ሲያይ አየሁሽን አመጣት። ዛሬ አየሁሽ ብቻዋን አይደለችም፤ መንታ ሆናለች።

ራኩባው ሥር ጀላብያ የለበሰ፣ ሻሽ የጠመጠመ ሰው ተቀምጦ ነበር። ከገላባት በኩል በእግሩ መጥቶ ሐዋን ሻሂ አዝዟል፤ ሻሂው ግን እፊቱ ቀዝቅዟል። ጭኑ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ሱዳን መስሏቸው ማንም ልብ አላለውም።

«ሁለቱንም በሁለት እጁ አንስቶ» አለ አምባው፣ «አንዷን ወደዚህ፣ አንዷን ወደዚያ...»

«ሕፃን አልነበረም» አለ ሰውየው። አማርኛው የጎንደር ነው።

አምባው ዞር አለ። ታሪኩን የሚያቋርጠው ከሚስቱ በቀር ሰው አልነበረምና ደነገጠ። «አንተ ምን ታውቃለህ? ነበርህ?»

«ነበርሁ አባቴ።»

«የት?»

«መሪው ላይ» አለ ሰውየው፤ ተነስቶም ቆመ። «ዘሩ ማለት እኔ ነኝ።»

ጎፈሬው ሹፌር ሞተሩን አጠፋ። ጭነቱ ላይ ያሉት ሴቶች አፋቸውን ያዙ። አምባው፣ አምስት ዓይነት መጨረሻ የነበረው ሰው፣ አምስቱንም ትቶ ወደ በትሩ ዞረ። በትሩን አነሳ። ውባንች የነጠላውን ጫፍ ያዘችው።

«ቆይ» አለች። «መጀመሪያ ይንገረን። ከዚያ ትመታዋለህ።»

«አሁን ልምታው እንጂ።»

«ከመታኸው በኋላ ምን ይነግረናል? ቆይ አልሁህ።» ወደ ዘሩ ዞረች። «ምን ሲያደርግ ነበር?»

ዘሩ ጨርቁን ፈትቶ ለክምሩ ያመጣውን ድንጋይ መሬት ላይ አስቀመጠ። ዓይኑን ከድንጋዩ ሳያነሳ ነበር የተናገረው።

«ሁለት ሎሪ ነበርን። ቀድሞ መተማ የደረሰ ቀድሞ ይጭናል ተባብለን ከገንዳ ውሃ ጀምረን ስንሽቀዳደም ነበር። ጥጋብ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ያኛው ቀደመኝ። ቁልቁለቱ ላይ አቧራው ዓይኔን ሸፍኖት፣ ልለፈው ስል መንገድ ሲዘጋብኝ፣ ልለፈው ስል ሲዘጋብኝ... ልጃችሁ ከመንገዱ ወጥቶ ዳር ላይ ተቀምጦ ነበር። ያኛው ሲያልፈው ዝም አለ። እኔ ከኋላ ስመጣ አየኝና ብድግ አለ። አንድ ጊዜ አፏጨ። ከዚያ ነጠላውን አውልቆ በራሱ ላይ ያሽከረክረው ጀመር። ‹በርታ! ትንሽ ቀረህ! በርታ!› ይለኛል።»

«ላንተ?» አለ አምባው።

«ለኔ። ተሸንፌ ሲያየኝ ጊዜ። እኔም ሳቅሁ። ልቤ ሞቀ፤ ነዳጁን ረገጥሁት። በልጃችሁ በኩል ያኛውን ልለፈው ብዬ መሪውን ሰበርሁ፤ ጎማው ከመንገዱ ወጣ። መመለስ አልቻልሁም።»

ዘሩ ሻሹን ከራሱ አወረደ።

«ያኛው ምንም ሳያይ ሄዷል። ወርጄ አየሁት። እስትንፋሱ አልነበረም። ከዚያ ፈራሁና ሸሸሁ።»

«ፈርቶ ነበር?» አለች ውባንች።

«አልደረሰበትም እናቴ። ፊቱን አይቸዋለሁ፤ እየሳቀ ነበር። አፉ ገና ‹በርታ› እያለ ነው።»

ውባንች አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ይህን ሰው ታውቀዋለች። ነብር አሳዳጁን አታውቀውም፣ አቡኑን አታውቀውም፣ ይህን ግን ራሷ ወልዳዋለች። ሠፈር ውስጥ ውሻ ከውሻ ቢጣላ፣ ከሥር ለወደቀው ነበር የሚጮኸው። ትግል ቢያይ፣ ገበጣ ሲጫወቱ ቢያይ፣ ሰዉ ሁሉ ከአሸናፊ ጋር ሲሆን እሱ የሚሸነፈውን ካልደገፈ እንጀራ አይወርድለትም ነበር።

«ታዲያ» አለችው፣ «ያኛውን አለፍኸው?»

ዘሩ ቀና ብሎ አያት፤ የጠበቀው ጥያቄ አልነበረም። «አላለፍሁትም» አለ።

ውባንች ሳቀች። ዓመት ሙሉ ያልሳቀችውን ሳቀችና ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነባት። ሐዋ መጥታ ደገፈቻት። የጎፈሬው ሹፌር ፊቱን ወደ ሎሪው አዙሮ ጎማውን እየደጋገመ በእግሩ ይነካ ነበር።

«እጠላሃለሁ» አለችው ዘሩን፣ እንባዋን ሳትጠርግ። «እስክሞት እጠላሃለሁ፤ ይህን እወቅ። ምን አመጣህ ግን? ማን ጠራህ?»

«እሳቸው ናቸው» አለ ዘሩ፣ አምባውን እያየ። «ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተቀምጬ ሹፌሮቹ ከዚህ ሲመጡ የሚያወሩት የማተቤን ነገር ነው። አንዱ በደረቱ ሎሪ ያቆመውን ልጅ ገደሉት ይላል፣ አንዱ የሚጸልየውን፣ አንዱ ሕፃን የሚያድነውን። እናቴ፣ እኔ የገደልሁት አንድ ሰው ነው፤ እሳቸው አምስት አደረጉብኝ። ለአንዱም ጉልበት አልነበረኝ። ውሸት ነው ብዬ ልናገር ስል፣ አንተ በምን አወቅህ ይሉኛል። ስለዚህ መጣሁ። አሁን ወደ መተማ ተመልሼ እጄን ለፖሊስ እሰጣለሁ።»

አምባው በትሩን እንደ ያዘ ነው። «እንግዲህ ልምታው?» አለ።

«አሁን ምታው» አለች ውባንች።

አምባው አንድ ጊዜ ትከሻውን መታው። ዘሩ አልተከላከለም። ሁለተኛውን ሊሰነዝር አነሳና በትሩን ጥሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ለሱ ነው እኮ የሚጮኸው» አለ እያለቀሰ። «የኔ ጅል። ለሱ ነው የሚጮኸው።»

ሰኞ ግሬደሩ ሲመጣ ጓድ እንዳለው ሁከት ይነሳል ብሎ አራት ሚሊሻ አቁሞ ነበር። ማንም አልተነሳም። ውባንች ለግሬደሩ ነጂ ማተቤ ምን ሲያደርግ እንደ ሞተ አንድ ሳትጨምር፣ አንድ ሳትቀንስ ነገረችው። ነጂው ሰምቶ ሲያበቃ ኮፍያውን አወለቀና ድንጋዩን ገፍቶ፣ ቁልቁለቱ ላይ በክረምት ሎሪ የሚሰምጥበትን ቦታ አለበሰው። አምባው ቀኑን ሙሉ «እንደዚህ አይደለም፣ ወደ ግራ በለው» እያለ ሲያሠራው ዋለ።

ዘሩ መተማ ታሰረ። አገሩ ደንቢያ ነው፤ ሩቅ ነው፤ ስንቅ የሚያመጣለት የለም። ውባንች ይህን ከሐዋ ሰማች። ሦስት ቀን አሰበችበት፤ በአራተኛው ቀን አገልግሉን አውርዳ አጠበችው።

«ለገዳዩ?» አለ አምባው።

«ስንቁ ለሱ አይደለም» አለች። «ያችን ደቂቃ ያየ ሰው እሱ ብቻ ነው። በረኀብ ቢሞትብኝ ማን ይነግረኛል?»

እሑድ እሑድ ይሄዳሉ። እስር ቤቱ አጥር ሥር ይቀመጣሉ። ዘሩ ከመብላቱ በፊት ይናገራል፤ ውሉ ይህ ነው። አንድ ቃል ከጨመረ ስንቁ ይመለሳል። አምባውም አብሮ ይሰማል፤ አፉን ይበላዋል፣ ግን ዝም ይላል።

በአምስተኛው እሑድ ዘሩ እንደ ወትሮው ጀመረ። ሁለት ሎሪ ነበርን፣ አለ። አቧራው፣ አለ። ልጃችሁ ዳር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አየኝና ብድግ አለ፤ ሁለት ጊዜ አፏጨ።

ውባንች አገልግሉን ከደነችና ብድግ አለች።

«አንድ ጊዜ ነው እናቴ» አለ ዘሩ ፈጥኖ። «አንድ ጊዜ ነው ያፏጨው።»

«ምናለ ሁለት ጊዜ ቢያፏጭ?» አለ አምባው።

ውባንች ባሏን አየችው። ከዚያ ተመልሳ ተቀመጠች፤ አገልግሉን ከፈተችና መሀላቸው አኖረችው።

«አንድ ጊዜ አፏጨ» አለች። «ቀጥል።»